እማዬ የምታጠፋው መብራት



ትንሽ ተጎታች ካራቫን ልንገዛ ነው ብለን ለእማዬ ስንነግራት፣ ሲኒዋን ከእጇ ሳታስቀምጥ «እኔ ከካራቫን የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ተመልሼ አልገባም» አለችን። እኛ ሳቅን። እሷ አልሳቀችም።

ለምን እንዳልሳቀች ብዙዎቻችሁ ይገባችኋል። እኛ የገባነው በሜይ 1991፣ በዘመቻ ሰሎሞን ነው። በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ወገን ከአዲስ አበባ ሲመጣ፣ እኛም ወንበሩ ተነቅሎ በወጣ አውሮፕላን ወለል ላይ ተቀምጠን መጣን። ሁለታችን ልጆች ነበርን፤ እህታችን ገና በእማዬ ጀርባ ላይ ነበረች። መጀመሪያ ሆቴል፣ ቀጥሎ የካራቫን ሰፈር አስገቡን። ለጥቂት ወር ነው ተባለ፤ ሦስት ክረምት ሆነ።

በዚያ ሰፈር የኖረ ሰው ብርዱንና ጭቃውን ያነሳል። እማዬ ግን ከሁሉ አብልጣ የምታነሳው መብራቱን ነው። ክረምት ገብቶ ሁሉም ቤት ማሞቂያውን ሲሰካ መስመሩ አልችል ይላል፤ ብሬከሩ ይወድቅና ከዳር እስከ ዳር ጨለማ ይሆናል። የብሬከሩ ሳጥን ተቆልፏል፣ ቁልፉ ዘበኛው ኪስ ውስጥ ነው፣ ዘበኛው ደግሞ የሚመጣው ሲመቸው ነው። በሌላ በኩል ከበራችን ፊት ለፊት ረጅም ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ትልቅ ፓውዛ ነበረ። እሱ በሌላ መስመር ስለሆነ ምንም ሆነ ምን አይጠፋም፤ ሌሊቱን ሙሉ በመስኮት ገብቶ ፊታችን ላይ ይተኛል። አባታችን፣ ነፍሱን ይማርና፣ ጋቢውን መስኮቱ ላይ ሰቅሎ እሱ ያለ ጋቢ ያድር ነበር። «ስናበራ አይበራልን፣ ስናጠፋ አይጠፋልን» ትላለች እማዬ እስከ ዛሬ።

ታዲያ ለምን ካራቫን አማራችሁ ለምትሉን፦ እማዬ ዘጠኝ የልጅ ልጅ አላት። በበዓል ሁሉን ይዞ ሆቴል መግባት የማይታሰብ ነው። ድንኳን ሞከርን፤ ልጆቹ ወደዱት፣ የእማዬ ጉልበት ግን ከመሬት መነሳት እምቢ አለ። ስለዚህ ሦስታችን ገንዘብ አዋጣን። ሐሳባችን እሷ ከፍ ባለ አልጋ ላይ እንድትተኛ፣ እኛ ደግሞ ዙሪያዋን ድንኳን እንድንተክል ነው። እሷ ካልመጣች ካራቫኑ ለእኛ ምንም አልነበረም።

የገዛናት አራት ሜትር የማትሞላ፣ ባለ አንድ አክሰል፣ አሮጌ ናት። ጣሪያዋ አያፈስም፣ ጎማዋ ደህና ነው፣ ሻጩም ደህና ሰው ይመስላል። ኤሌክትሪኩን ግን ሳናይ ገዛን። ቤት አምጥተን የአልጋውን ሳንቃ ስናነሳ ያገኘነው እንደ ተፈታ ሹሩባ የተተራመሰ ሽቦ ነው። እየተጠማዘዘ በፕላስተር የተያያዘ፣ ከባትሪው በቀጥታ የወጣ፣ መሐል ላይ አንድም ፊውዝ የሌለው። ባትሪው ራሱ ያረጀ የመኪና ባትሪ ነው፤ ሲሞላ ሃይድሮጅን የሚያወጣ የእርሳስ ባትሪ፣ አየር መውጫ በሌለው ሳጥን ውስጥ፣ እማዬን ልናስተኛበት ካሰብነው አልጋ ሥር።

አንድ ጎረቤታችን፣ የእኛው ልጅ፣ ፈቃድ ያለው ሐሽማላይ ነው። አየውና ራሱን ነቀነቀ። «ይኼን የሠራው ሰው መብራት ሳይሆን ቃጠሎ ነው የፈለገው» አለን። ከዚያ ሁሉንም ነቅለን እንድንጥል አዘዘን፤ ጣልን። እሱ ያስተማረን የመጀመሪያ ነገር ካራቫን ውስጥ ሁለት ዓይነት ኤሌክትሪክ መኖሩን ነው። አንደኛው የባትሪው 12 ቮልት ነው፤ እሱን ተጠንቅቆ፣ አዋቂ እያየው፣ ሰው በእጁ ሊሠራው ይችላል። ሁለተኛው ከካምፑ ሶኬት የሚመጣው 230 ቮልት ነው። እሱ ይገድላል። በዚህ አገር ከ1954 ጀምሮ የኤሌክትሪክ ሕግ አለ፤ ፈቃድ የሌለው ሰው እንዲህ ያለ ሥራ ውስጥ እጁን አያስገባም። ስለዚህ ከውጭ የሚሰካበትን ሰማያዊ ባለ 16 አምፔር መሰኪያ፣ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጠውን «ፓሐት» የምንለውን መከላከያና የውስጥ ሶኬቶቹን ሁሉ እሱ ሠራ፣ እኛ ቡና አፈላን። እግረ መንገዳችንን፦ የካምፕ ገመዳችሁን ከመጠቅለያው ሙሉ በሙሉ ሳትፈቱ ማዝጋን እንዳትከፍቱበት። ተጠቅልሎ እንዳለ ብዙ ኃይል ሲያልፍበት ይግላል፤ ላስቲኩ ቀልጦ ያየነው ሰው አለ።

ሁለተኛው ትምህርቱ ስለ ፊውዝ ነው። እኛ ፊውዝ አምፖሉን የሚጠብቅ ይመስለን ነበር። የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ሽቦው ሲግል ነው ቤት የሚቃጠለው። ስለዚህ ዋናው ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ በተቻለ መጠን ቅርብ ይሆናል፤ ከፊውዙ በፊት ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውምና። የእኛ 60 አምፔር ነው፣ 16 ሚሊ ሜትር ካሬ በሆነ ሽቦ ላይ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ መስመር የራሱ ትንሽ ፊውዝ አለው፤ ለመብራት 5 አምፔር ይበቃል።

ስለ ሽቦ ውፍረት እንከራከር ነበር። መካከለኛው ወንድማችን ለፍሪጁም ለመብራቱም 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ይበቃል ባይ ነው፤ ዋጋው ይረክሳልና። ሐሽማላዩ ወረቀት አወጣ። ፍሪጁ ከባትሪው አምስት ሜትር ይርቃል፤ ኤሌክትሪክ ደግሞ ሄዶ ይመለሳል፤ አሥር ሜትር። 5 አምፔር በዚያ ቀጭን ሽቦ ሲሄድ ወደ 0.6 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ከ230 ላይ 0.6 ምንም አይደለም፤ ከ12 ላይ ግን ብዙ ነው። ባትሪው ትንሽ ሲደክም ፍሪጁ «ቮልት አነሰኝ» ብሎ ይቆማል፣ ሥጋውም ይበላሻል። በ6 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ የሚቀረው 0.15 ቮልት ያህል ብቻ ነው። ወንድማችን ዝም አለ። ወፍራሙን ገዛን።

የመንገዱን መብራትም ሳንነግራችሁ አንለፍ፤ ፖሊስም ቴስትም የሚያየው እሱን ነውና። ካራቫኗን ያመጣናት ቀን ታላቃችን እየጎተተ፣ እኛ ከኋላ እየተከተልን ነበር። ግራ ፍሬቻ ሲያሳይ የፍሬን መብራቱም አብሮ ጭል ጭል ይላል፤ ፍሬን ሲይዝ ደግሞ የኋላ መብራቱ ይደበዝዛል። አምፖል መስሎን አራት አምፖል ቀየርን። ለካ አምፖል አልነበረም። በሰባት እግሩ መሰኪያ ውስጥ ያለው ነጩ ሽቦ፣ የመሬት ሽቦው፣ ዝጎ ነው። እሱ ሲዝግ ኤሌክትሪኩ መመለሻ ያጣና በሌላው መብራት በኩል ይመለሳል፤ ለዚህ ነው ሁሉም እንዳበደ የሚሆነው። በሽቦ ብሩሽ ጠርገን ቅባት ቀባነው፣ ዳነ።

አሁን ወደ ሱቁ። ቀድመን ወደ ሱቅ መሄዳችን ነበር ስህተታችን፤ ቀድሞ የሚያስፈልገው እስክሪብቶና ወረቀት ነው። ሻጩ ባለ 2000 ዋት ኢንቨርተር አሳየንና «ከዚህ ጋር ፕላታ ይሠራል፣ ሜሐም ይሠራል፣ የፈለጋችሁት ይሠራል» አለ። የእህታችን ባል ወዲያው «ምጣድስ?» ብሎ ጠየቀ። «ይሠራል!» እውነቱን ነው፣ ይሠራል። ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ግን አልጠየቅነውም፣ እሱም አልነገረን።

ቤት ገብተን ከየዕቃው ጀርባ ያለውን ጽሑፍ አነበብን። ትንሿ የሰንበት ፕላታችን 400 ዋት ትላለች። ከዓርብ ማታ እስከ ቅዳሜ ቀትር 18 ሰዓት ብትቆይ 7200 ዋት ሰዓት ትበላለች። ልንገዛ ያሰብነው ባትሪ 100 አምፔር ሰዓት ነው፤ በ12.8 ቮልት ሲባዛ 1280 ዋት ሰዓት። ፕላታዋ ብቻዋን በሦስት ሰዓት ያህል ባዶ ታደርገዋለች። ምጣዱ 1500 ዋት ነው፤ እንጀራው ሳያልቅ ባትሪው ያልቃል።

ይኼን ለእማዬ በሐዘን ስንነግራት «እና ምን ያስጨንቃችኋል?» አለች። «እኛ አገር ለሰንበት ትኩስ ምግብ ማን ያውቃል? ዓርብ ይጋገራል፣ ዓርብ ይሠራል፣ ሰንበት ቀዝቃዛውን ይበላል።» ልክ ናት። ወገራ በነበረች ጊዜ ሌላው ሌሊት እሳቱ ይዳፈናል፣ ጠዋት አመዱ ተገልጦ ፍሙ ይነሳል። ዓርብ ማታ ግን አይዳፈንም፤ ይጠፋል። ጨርሶ ይጠፋል። ኩራዝም አይኖርም። እስከ ቅዳሜ ማታ በቤቱ ውስጥ እሳት የሚባል ነገር የለም። እሳቱን የምታጠፋው የቤቱ እመቤት ናት። ለእማዬ ይኼ ችግር ሆኖ አያውቅም፤ የኢንቨርተሩን ዋጋ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀረችልን። ስልክና ላፕቶፕ በ12 ቮልቱ ይሞላሉ፣ ቡናው በጋዝ ይፈላል።

ፕላታውና ምጣዱ ከወረቀቱ ሲወጡ ሒሳቡ ሰው ሆነ። ባለ ኮምፕሬሰሩ ፍሪጅ 45 ዋት ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይሠራም፣ በሙቀት ጊዜ ከቀኑ ግማሽ ያህሉን ብንለው ወደ 500 ዋት ሰዓት። ትንሽ ማራገቢያ ሌሊቱን ሙሉ፣ 120። ስልኮች 60። የውኃ ፓምፕ የደቂቃዎች ሥራ ነው። መብራት? አራት አምፖል፣ እያንዳንዱ 3 ዋት፣ ለአራት ሰዓት፤ 48 ብቻ! ስንጨነቅበት የከረምነው መብራት ከሁሉ የሚቀለው ሆኖ ተገኘ። በድሮው አምፖል ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር፤ ኤልኢዲ ነው ይኼን ያደረገው። ጠቅላላው በቀን ወደ 730 ዋት ሰዓት ይመጣል። ጣሪያው ላይ ያለው 200 ዋት ሶላር በበጋ ፀሐይ ያን ያህል ይመልሳል። እማዬ ስለ ሶላሩ በሰንበት መሥራት ስትሰማ ምን ትል ይሆን ብለን ነበር። «ፀሐይን ማን ያጠፋታል?» አለችን፣ አለቀ።

ባትሪው ሊቲየም ይሁን እርሳስ የሚለውም ብዙ አላጨቃጨቀንም። የእርሳሱ 100 አምፔር ሰዓት ቢባልም ዕድሜው እንዲረዝም ግማሹን ብቻ ነው መጠቀም ያለባችሁ፤ ክብደቱም 30 ኪሎ ሊጠጋ ይችላል። ሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባለው 12 ኪሎ ያህል ነው፣ አብዛኛው ኃይሉ ይወጣል፣ ሲሞላም እንደ እርሳሱ ጋዝ አያወጣም። ገዝተን ስንጨርስ ያን ጊዜ ይወደዳል፣ ግን የምናስተኛበት እናታችንን ነው። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ ከዜሮ ዲግሪ በታች እያለ መሞላት የለበትም፤ በዚያ ቅዝቃዜ ራሱን የሚዘጋውን ምረጡ። መኪናው እየሄደ እንዲሞላ ደግሞ በመሐል 20 አምፔር የሚሰጥ ቻርጀር አደረግን፤ የአዲስ መኪና ዲናሞ በቀጥታ ሲያያዝ ሊቲየምን በደንብ አይሞላምና።

እንግዲህ አምፖሉን መምረጥ ቀረ፤ ቀላሉ። ቀላሉን ነው ያበላሸነው።

መጀመሪያ የገዛነው ከጣሪያው ጥግ እስከ ጥግ የሚለጠፍ ነጭ የኤልኢዲ ሪባን ነው፣ 6000 ኬልቪን። ሻጩ «ብዙ ብርሃን፣ ጥቂት ባትሪ» አለን፤ ደስ አለን። ከበሩ በላይ ደግሞ ሰው ሲጠጋ በራሱ የሚበራ ባለ 10 ዋት የውጭ መብራት ሰቀልን፤ ለሌባም ጥሩ ነው፣ እማዬም በጨለማ እንዳትደናቀፍ ብለን። ማጥፊያ አላደረግንለትም። በራሱ የሚያስብ መብራት ማጥፊያ ምን ያደርግለታል ብለን።

እማዬን ያሳመናት የእህታችን ትንሿ ልጅ ናት። «ሳቭታ፣ አንቺ ከሌለሽ ማን ቡና ያፈላል?» ብላ በዕብራይስጥ ጠየቀቻት። «ለአንድ ሰንበት ብቻ» አለች እማዬ። ሻቩዖት ባለፈ በመጣው ዓርብ ኪኔሬት ዳር ወረድን። ወደ ውስጥ ገብታ ሪባኑን ስናበራላት ዓይኗን ጨፈነች። «ይኼማ የሆስፒታል ነው» አለች። አልተቀየመችም፤ ሰንበት ሳይገባ አጠፋነው፣ ራቷን በልታ ተኛች። እኛም በየድንኳናችን ገባን፣ ደስ ብሎን።

የሆነውን በማግስቱ ከልጅቷ ነው የሰማነው፣ አብራት ነበር የተኛችው። እማዬ ሌሊት ወደ ውጭ ለመውጣት ተነሳች። በሩን ከፍታ አንድ እግሯን እንዳወጣች መብራቱ ቦግ አለባት። በሰንበት፣ በእርምጃዋ እሳት አበራች ማለት ነው። ደንግጣ ወደ ውስጥ ተመለሰች። ጥቂት ቆይቶ ጠፋ። እንደገና በሩን ገፋ አደረገች፤ እንደገና ቦግ። ከዚያ በኋላ አልሞከረችም። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እስኪነጋ ጠበቀች። ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት፣ ልጆቿ አጠገቧ ተኝተው፣ ለመጸዳዳት መውጣት አቅቷት፣ ጎሕ እስኪቀድ ተቀምጣ አደረች።

ልጅቷ ስትነግረን እማዬ «ተይ እንጂ» አለቻት። ቀጥላ ግን ወደ እኛ ሳታይ «እዚያም እንዲሁ ነበር» አለች። «እዚያም መብራቱ እኔን ሲጠብቅ ነበር የሚያድረው።»

ከሦስታችን አንዳችንም የምንመልሰው አልነበረንም።

መብራቱ ቀን ቀን አይበራም፤ ጨለማ ሲሆን ነው የሚነቃው። ችግሩ ቅዳሜ ማታ፣ ሲመሽና ሰንበት ገና ሳይወጣ ነው። ማጥፊያ የለው፣ ሽቦውን መንቀል አይቻል። ስለዚህ ፀሐይ ስትጠልቅ ሁላችንም ወንበራችንን ከበሩ አርቀን ተቀመጥን፣ ዘጠኙም ልጆች ጭምር፣ ሦስት ኮከብ እስኪታይ ማንም እንዳይነሳ ተባለ። የታላቃችን ልጅ ሆዱን አሸዋ ላይ አስተኝቶ እየተሳበ ኳሱን ሊያመጣ ሄደ፣ መብራቱም አላየውም፤ ያኔ እማዬ ራሷ ሳቀች። እኛ ግን ብዙ አልሳቅንም።

ቤት ስንመለስ ሁሉንም እንደገና ሠራነው። በዚህ ጊዜ ሱቅ ከመሄዳችን በፊት የጠየቅነው እሷን ነው። «ምን ዓይነት መብራት ትፈልጊያለሽ?» አልናት። ትንሽ አሰበችና «የሚጠፋ» አለች።

የሚጠፋ መብራት ስትፈልጉ ካራቫን ውስጥ ስንት የማይጠፋ እንዳለ ታያላችሁ። የስልክ መሙያው ሶኬት ሰማያዊ ዓይን አለው፣ ሌሊቱን ሙሉ ያፈጣል፤ ባትሪም ይልሳል። የሶላሩ መቆጣጠሪያ አረንጓዴ ይጭላል። የባትሪው መለኪያ ቁጥር ያበራል። ፍሪጁ በተከፈተ ቁጥር ውስጡ ይበራል። አንድ በአንድ ሄድንባቸው። መስመሮቹን በሦስት ከፈልናቸው፦ ፍሪጅና ማራገቢያ በአንድ፣ ምንም ቢሆን የማይቋረጥ። መብራትና የስልክ ሶኬት በሁለተኛው። የውጩ መብራት ብቻውን በሦስተኛው፤ በእጅ ካልሆነ የማይበራ። ያንን በራሱ የሚያስበውን ነቅለን ለማህሳኑ ሰጠነው። የፍሪጁን አምፖል ዓርብ ዓርብ እናወጣለን፣ ይኼን ሰንበት የሚያከብር ቤት ሁሉ ያውቀዋል። መቆጣጠሪያውና መለኪያው ቁምሳጥን ውስጥ ገቡ፣ በሩ ይዘጋባቸዋል።

ነጩ ሪባን ወጥቶ 2700 ኬልቪን የሆነ ሞቅ ያለ ቀለም ገባ፣ አራት ትንንሽ አምፖል፣ እያንዳንዱ ለብቻው የሚበራና የሚጠፋ። እህታችን አንዷን ለራስጌ፣ አንዷን ለጠረጴዛ፣ ሁለቱን ለምድጃው አካባቢ አደረገች። ብርሃኑ ከመጀመሪያው በግማሽ ያንሳል፤ ማንም አልጎደለብኝም አላለም። ትንኙም የቀነሰ ይመስለናል፤ ትንኝ ነጭና ሰማያዊ ብርሃን ይወዳል። ሻማ ውስጥ አናበራም፤ መጋረጃና ጋዝ ባለበት ጠባብ ቦታ አይሆንም። ውጭ በብረት ትሪ ላይ ነው።

ታላቃችን ደግሞ ለልጆቹ ብሎ አንድ ነገር ሠራ። ከወለሉ ዝቅ ብላ፣ ደረጃው አጠገብ፣ ባለ 1 ዋት ቢጫ መብራት አለች፤ ሰንበት ከመግባቱ በፊት ትበራና እስኪወጣ አትጠፋም። በላይዋ ላይ የሚንሸራተት የእንጨት ክዳን አለ፤ ብርሃን ስትፈልጉ ትከፍቱታላችሁ፣ ሳትፈልጉ ትዘጉታላችሁ፣ መብራቷን ማንም አይነካም። 25 ሰዓት ብትበራ 25 ዋት ሰዓት ናት፣ ምንም አይደለችም። እማዬ አይታ «ይኼ ብልጠት ነው» አለች፤ ማሞገሷ ይሁን መውቀሷ እስከ ዛሬ አልገባንም። «ለልጆቹ ይሁን» ብላ ክዳኑን ዘጋችው።

የእሷ ግን ሌላ ነው። በራስጌዋ፣ ተኝታ እጇን ብትዘረጋ በምትደርስበት ቦታ፣ አንድ ትልቅ ማጥፊያ አደረግንላት። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን መስመር አንድ ላይ ይቆርጣል። ለስላሳው ዓይነት፣ በጣት የሚነካው፣ በሱቁ ሞልቷል፤ እኛ ግን የድሮውን፣ ሲጫኑት «ቀጭ» የሚለውን ፈልገን አገኘን። ዓርብ ማታ ሰዓቱ ሲደርስ ማንም አይነካውም። ልጆቹ በሩ ላይ ይሰበሰባሉ፣ እማዬ ገብታ ትቀመጣለች፣ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ቀጭ። ቤት ውስጥ እንደ ጎረቤቶቿ ሻማ ታበራለች፤ ካራቫኗ ውስጥ ግን ታጠፋለች። ለምን ብለን ጠይቀናት አናውቅም።

ባለፈው ሐኑካ ወደ ማክቴሽ ራሞን ወረድን። ሰንበቱ በበዓሉ መሐል ነበር የዋለው። ሐኑካ እማዬ አገሯ ሳለች የማታውቀው በዓል ነው፤ እዚህ ከልጅ ልጆቿ ጋር ነው የለመደችው። ማክቴሹ ከ2017 ጀምሮ ዓለም አቀፍ የጨለማ ሰማይ ፓርክ ተብሎ የተመዘገበ ቦታ ነው፤ ሐኑካ ደግሞ ጨረቃ የማትገኝበት ሰሞን ነው። ብርዱ አጥንት ይገባል። በአካባቢያችን ሶኬት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ያለን ባትሪው ብቻ ነው፣ የታኅሣሥ ፀሐይም አጭር ናት። ማሞቂያ የለም፤ ብርድ ልብስና ጋቢ ብቻ።

ዓርብ ማታ አጠፋችው። ሌሊት ሁለት ጊዜ ወጥታ ገብታለች፤ የበሩን ድምፅ ሰምተናል፣ ሌላ ምንም አልሰማንም፣ ምንም አልበራም። ቅዳሜ ሲመሽ ደግሞ ሁላችንም ውጭ ነበርን። ልጆቹ የሐኑካውን ሻማ አሰልፈው ክብሪት ይዘው ቆመዋል፤ መጀመሪያ አንድ ኮከብ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ከዚያ መቁጠር ቀረ፤ ሰማዩ ሞላ። «ሳቭታ፣ ሦስት ሆነ! መብራቱን እናብራ?» አለቻት ትንሿ። እማዬ አንገቷን ወደ ላይ እንዳቀናች ነበር። «ይኼ የወገራ ሰማይ ነው» አለች። «ትንሽ ቆዩ።»

ቆየን። ክብሪቱን የያዘው ልጅ እጁ እየቀዘቀዘ፣ ሁላችንም።

ሻማው ከተበራ በኋላ እህታችን ስልኳን ከፍታ ባትሪውን አየች፤ 58 ከመቶ። በማግስቱ ስንመለስ ቤርሼባ አካባቢ የግራ ፍሬቻው እንደገና ሞተ። ነጩ ሽቦ ነው፣ እናውቀዋለን፤ ከበዓሉ በኋላ መሰኪያውን በሙሉ እንቀይረዋለን።

ሰንበት ሰላም።